ጽፈነዋል፣ ግን አልሠራም፦ የቪኤስ ኮድ ኤክስቴንሽኖችን በሴቲንግስ ፋይል ማዘዝ

ቪኤስ ኮድ በሚባለው የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም (ኤዲተር) ላይ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ተጨማሪ ችሎታ የሚሰጥ ቅጥያ፣ መጫን የአንድ ክሊክ ጉዳይ ነው። የተጫነውን ኤክስቴንሽን እንደ ፍላጎት ማሠራት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈውም ሴቲንግስ.ጄሰን በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ይጽፋል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ የተለወጠ ነገር ሲያጣ ደግሞ ያንኑ መስመር ደጋግሞ ይፈትሻል። መስመሩ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ለዚያው ሴቲንግ ሌላ ቦታ የተጻፈ መልስ ስላለ ኤዲተሩ የሰማው ያንን ነው። ስለዚህ «ምን ልጻፍ?» ከማለት በፊት «ከእኔ ሌላ ማን ጽፏል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም። እዚህ የሴቲንግ ስሞችን በፊደላችን ነው የምንጽፋቸው፤ ፋይሉ ውስጥ የሚገቡት ግን በእንግሊዝኛ ሆሄ ነው። በስሙ መካከል ባዶ ቦታ አይገባም። ከነጥቡ በኋላ ያለው ክፍል ከአንድ ቃል በላይ ከሆነ፣ ከሁለተኛው ቃል ጀምሮ እያንዳንዱ ቃል በትልቁ ሆሄ ይጀምራል። ትልቁና ትንሹ ከተቀያየሩ ኤዲተሩ ሴቲንጉን አያውቀውም። መሸምደድ ግን አያስፈልግም፦ ጥቅሱን ከፍታችሁ ጥቂት ሆሄ ስትጽፉ ዝርዝሩ ራሱ ይመጣል፤ ካልመጣ ኮንትሮልና ስፔስን አብራችሁ ተጫኑ። የፈለጋችሁት ስም ከዝርዝሩ ከጠፋ፣ ወይ ኤክስቴንሽኑ አልተጫነም ወይ ሰሪዎቹ ስሙን ቀይረውታል።

ፋይሉ የቱ ነው?

የግላችሁ ፋይል ዊንዶውስ ላይ አፕዳታ፣ ሮሚንግ፣ ኮድ፣ ዩዘር በሚሉት ፎልደሮች ውስጥ ይገኛል። ሊነክስ ላይ በሆም ፎልደራችሁ ስር በነጥብ የሚጀምረው ኮንፊግ ውስጥ ነው፤ ማክ ላይ ደግሞ ላይብረሪ ስር አፕሊኬሽን ሰፖርት ውስጥ። ይህን ማወቁ ባይከፋም ፋይሉን በፎልደር እየፈለጉ መክፈት አይመከርም። ምክንያቱ ፕሮፋይል የሚባለው፣ በስም የተለየ የሴቲንግና የኤክስቴንሽን ስብስብ ነው። ከነባሪው (ስትጭኑት አብሮ ከሚመጣው) ሌላ ፕሮፋይል ከፍታችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ያ ፕሮፋይል የራሱ ሴቲንግስ.ጄሰን አለው፤ የሚቀመጠውም ዩዘር ፎልደር ውስጥ ባለው ፕሮፋይልስ ስር ነው። ዋናውን ፋይል ከፍታችሁ ቀኑን ሙሉ ብታስተካክሉ የተከፈተው ፕሮፋይል ወሬውንም አይሰማም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒን ተጫኑና በሚከፈተው ሳጥን «ኦፕን ዩዘር ሴቲንግስ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ተመሳሳይ ትእዛዞች ይመጣሉ፦ አንዱ የምልክት ሳጥኖች ያሉበትን ገጽ ይከፍታል፣ ጄሰን የሚል የተጨመረበት ደግሞ ፋይሉን። የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። «ኦፕን ዲፎልት ሴቲንግስ» የሚለው ግን የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይደለም፤ ጀማሪ እሱን ከፍቶ «ለምን አያስጽፈኝም?» ሲል ይታያል።

ሁለተኛው ፋይል የፕሮጀክቱ ነው። በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምር ቪኤስኮድ የሚባል ፎልደር ይኖራል፤ በውስጡ ያለው ሴቲንግስ.ጄሰን የሚገዛው ያንን ፕሮጀክት ብቻ ነው። ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውና የሚያጋራው መሣሪያ) ውስጥ ከገባ ደግሞ ፕሮጀክቱን የሚያወርድ ሰው ሁሉ ይደርሰዋል።

ማን ማንን ይሽራል?

ከታች ወደ ላይ ተራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የኤዲተሩና የኤክስቴንሽኑ ነባሪ ዋጋ አለ። እሱን የግላችሁ ፋይል ይሽረዋል። በርቀት ኮምፒውተር ወይም በደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊነክስን በሚያስኬደው) የምትሠሩ ከሆነ የዚያ ማሽን ፋይል የግላችሁን ይሽራል። ከዚያ የፕሮጀክቱ ፋይል ይመጣል። በአንድ መስኮት ብዙ ፎልደር ከከፈታችሁ ደግሞ የየፎልደሩ ፋይል ከሁሉም በላይ ይሆናል።

እስከዚህ ማንም ይገምተዋል፤ የሚያሳስተው ቀጥሎ ያለው ነው። ለአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ብቻ ተለይቶ የተጻፈ የኤዲተር ሴቲንግ፣ ለሁሉም ከተጻፈው ይበልጣል፤ የተጻፈው ዝቅ ባለ ፋይል ውስጥ ቢሆንም እንኳ። በግል ፋይላችሁ ይህ አለ እንበል (ፎርማተር የኮድን አጻጻፍ የሚያሰናዳ መሣሪያ ነው፤ ብላክ የፓይተን ፎርማተር ነው)፦

{
  "ኤዲተር.ፎርማትኦንሴቭ": ትሩ,
  "[ፓይተን]": {
    "ኤዲተር.ታብሳይዝ": 4,
    "ኤዲተር.ዲፎልትፎርማተር": "ኤምኤስ-ፓይተን.ብላክ-ፎርማተር"
  }
}

የቡድናችሁ የፕሮጀክት ፋይል ደግሞ የታብ ስፋት 2 ይሁን ይላል፤ ቋንቋ ግን አልለየም። የጃቫስክሪፕት ፋይል ስትከፍቱ 2 ይሆናል። የፓይተን ፋይል ስትከፍቱ ግን 4 ነው፣ ምክንያቱም የእናንተ ትእዛዝ ፓይተንን በስም ጠርቷል። ቡድኑ ፓይተንንም በ2 ማስኬድ ከፈለገ እሱም በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ ፓይተን የሚል ማዕዘን ቅንፍ ከፍቶ መጻፍ አለበት።

ይህ ደንብ በነባሪ ዋጋዎችም ላይ ይሠራል፤ ያምል (ማስተካከያዎች የሚጻፉበት የፋይል ዓይነት) ላይ ብዙዎችን የሚያደናግረውም ይኸው ነው። ቪኤስ ኮድ ሲጫን ለያምል ብቻ ተለይቶ የታብ ስፋት 2 ተብሎ ተጽፎለት ነው የሚመጣው። በግል ፋይላችሁ በጠቅላላው 4 ብላችሁ ብትጽፉ ያምል ንቅንቅ አይልም። የሚለወጠው ያምል በሚል ቅንፍ ውስጥ ስትጽፉት ነው።

የታብ ነገር ከተነሳ ሦስተኛም ተናጋሪ አለ፦ ኤዲተር.ዲቴክትኢንደንቴሽን። ስትጭኑት በርቶ ነው የሚመጣው። ፋይል ሲከፈት ውስጡ ያለውን አጻጻፍ አይቶ የታብ ስፋትን በራሱ ይወስናል፣ እናንተ የጻፋችሁትንም ወደ ጎን ይተወዋል። በአዲስ ፋይል ላይ 4 ሆኖ በአሮጌው ላይ 2 የሚሆንባችሁ ሰው፣ ይህን ሴቲንግ ፎልስ አድርጎ ይሞክረው።

ፋይሎቹ ሲገናኙ ዋጋው ምን ዓይነት እንደሆነም ልዩነት ያመጣል። ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ትሩና ፎልስ፣ እንዲሁም በማዕዘን ቅንፍ የሚጻፍ ዝርዝር ከሆነ የላይኛው የታችኛውን ሙሉ በሙሉ ይተካል። በጥምዝ ቅንፍ የሚጻፍ ከሆነ ግን ይዋሃዳሉ። ለምሳሌ ፋይልስ.ኤክስክሉድ በጥምዝ ቅንፍ ነው የሚጻፈው፤ በግላችሁ ሦስት ፎልደር ደብቃችሁ ፕሮጀክቱ ሌላ ሁለት ቢደብቅ አምስቱም ይደበቃሉ። ኤዲተር.ሩለርስ ግን ዝርዝር ነው፤ በግላችሁ 80 ላይ መስመር አስምራችሁ ፕሮጀክቱ 100 ካለ የምታዩት 100 ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ኤክስቴንሽኑ ራሱ ምን ይፈቅዳል?

እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን ፓኬጅ.ጄሰን በሚባለው ፋይሉ ውስጥ «እነዚህን ሴቲንጎች እቀበላለሁ» ብሎ ይዘረዝራል፦ ስማቸውን፣ የዋጋቸውን ዓይነት፣ ነባሪውንና የት የት ሊጻፉ እንደሚችሉ። ይህንን ዝርዝር ለማየት ኢንተርኔት ላይ መሄድ አያስፈልግም። ኮንትሮልና ኮማን ተጫኑና በፍለጋው ሳጥን የአት ምልክት፣ ኤክስት፣ ኮለን «:»፣ ከዚያ የኤክስቴንሽኑን መለያ ጻፉ፤ የእሱ ሴቲንጎች ብቻ ይቀራሉ። መለያው ሁልጊዜ የአሳታሚው ስም፣ ነጥብ፣ የኤክስቴንሽኑ ስም ነው። በእጅ ከመጻፍ በኤክስቴንሽኑ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ኮፒ ኤክስቴንሽን አይዲ» ማለት ይሻላል። ዲፎልትፎርማተር ላይ «ፕሪቲየር» (ታዋቂ የድር ኮድ ፎርማተር ነው) ብሎ በደረቁ መጻፍ የማይሠራውም ለዚህ ነው፤ ኤዲተሩ የሚፈልገው ሙሉ መለያውን ነው።

«የት ሊጻፉ ይችላሉ» የሚለው ቁም ነገር ነው። አንዳንድ ሴቲንጎች ለመላው አፕሊኬሽኑ ወይም ለማሽኑ ብቻ ተብለው የተከለሉ ናቸው፤ በፕሮጀክቱ ፋይል ብትጽፏቸው ይደበዝዛሉ፣ አይሠሩም። የደበዘዘ መስመር ስታዩ ማውሱን ላዩ ላይ አሳርፉና የሚመጣውን ጽሑፍ አንብቡ። «የማይታወቅ ሴቲንግ» ካለ ስሙ ተሳስቷል ወይም ኤክስቴንሽኑ የለም። በዩዘር ፋይል ብቻ እንደሚጻፍ ከነገራችሁ ቦታውን ቀይሩ።

ከሚደበዝዙት መካከል ዕድሜ የጨረሱም አሉ። ፓይተን.ፎርማቲንግ.ፕሮቫይደር የሚለውን በርካታ የቆዩ ትምህርቶች ዛሬም ጻፉ ይላሉ። የፓይተን ኤክስቴንሽን ግን ከ2023 ወዲህ ኮድ የማሰናዳቱን ሥራ ለየራሳቸው ለቆሙ ኤክስቴንሽኖች ለቅቋል። መስመሩ ፋይሉ ውስጥ ቢቀመጥ ማንም አያነበውም። አሁን የሚደረገው የብላክን ወይም የረፍን ኤክስቴንሽን ለብቻው መጫንና ከላይ በምሳሌው እንዳለው በፓይተን ቅንፍ ውስጥ ዲፎልትፎርማተር ብሎ መሰየም ነው።

ፕሪቲየር ሴቭ ሲደረግ ካልሠራ

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። መጀመሪያ ኤዲተር.ፎርማትኦንሴቭ ትሩ መሆኑን እዩ፤ ሲጫን ፎልስ ሆኖ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ ዲፎልትፎርማተር ለዚያ ቋንቋ መጻፉን። ለአንድ ቋንቋ ሁለት ፎርማተር ካለ ኤዲተሩ በራሱ አይመርጥም። በፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ፎርማት ዶክዩመንት ዊዝ» ብትሉ እነማን እንዳሉና የትኛው እንደተመረጠ ታያላችሁ።

ሁለቱም ልክ ከሆኑ ፋይልስ.አውቶሴቭን ተመልከቱ። «አፍተርዲሌይ» ከሆነ ኤዲተሩ ከቆይታ በኋላ ራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ በዚያ ጊዜ ግን ፎርማት አያደርግም። ፎርማት የሚደረገው በእጃችሁ ኮንትሮልና ኤስን ስትጫኑ ብቻ ነው። «ሴቭ እየሆነ ፎርማት አይሆንም» የሚለው አቤቱታ እዚህ ላይ ይፈታል።

ፕሪቲየር እየሠራ በሌላ መልክ የሚሠራ ከሆነስ? በግል ፋይላችሁ የመስመር ርዝመት 120 ብላችሁ ጽፋችሁ እሱ 80 ላይ ይቆርጣል እንበል። ፕሮጀክቱ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር ፕሪቲየርአርሲ የሚባል ፋይል ፈልጉ። እሱ ካለ ፕሪቲየር የኤዲተሩን ሴቲንግ ጨርሶ አይመለከትም፤ ፕሪቲየርአርሲው ስለ መስመር ርዝመት ምንም ባይልም እንኳ የሚወሰደው የፕሪቲየር የራሱ ነባሪ ነው፣ እሱም 80 ነው። ይህ ስህተት አይደለም፣ እንዲያውም ትክክለኛው አሠራር ነው። የኮዱ መልክ በእያንዳንዱ ሰው ኤዲተር ላይ ከተንጠለጠለ አንዱ ሴቭ ባደረገ ቁጥር የሌላው መስመር ሁሉ ይለዋወጣል። የቡድን ሥራ ላይ እንዲህ ያለውን ውሳኔ በመሣሪያው የራሱ ፋይል መጻፍና ለኤዲተሩ ፋይል «ሴቭ ሲደረግ ፎርማት አድርግ፣ በዚህ ፎርማተር» የሚለውን ብቻ መተው ይበጃል።

ኢኤስሊንት (የጃቫስክሪፕት ኮድ ስህተት ፈላጊው) ሴቭ ሲደረግ እንዲያርም የሚታዘዘው ኤዲተር.ኮድአክሽንስኦንሴቭ በሚለው ነው። ቀድሞ ትሩ ይባል ነበር፤ አሁን «ኤክስፕሊሲት» ይባላል፣ በእጅ ሴቭ ሲደረግ ብቻ ማለት ነው።

ጄሰኑ ሲበላሽ

ፋይሉ ጄሰን (ማስታወሻ የማይፈቅድ የዳታ አጻጻፍ ሥርዓት) ቢባልም ቪኤስ ኮድ በሁለት ስላሽ የሚጀምር ማስታወሻ ይፈቅዳል፤ ተጠቀሙበት፣ ከስድስት ወር በኋላ ያንን መስመር ለምን እንደጻፋችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ኮማ ከተረሳ ወይም ቅንፍ ካልተዘጋ ቀይ መስመር ይሰመራል፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤምን ስትጫኑ ስህተቱ ከነመስመር ቁጥሩ ይዘረዘራል። በሴቲንግስ ገጹ ላይ ምልክት ስታደርጉ «ወደ ዩዘር ሴቲንግስ መጻፍ አልተቻለም» የሚል መልእክት ከመጣም ምክንያቱ ያው የተበላሸው ጄሰን ነው።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የተለየች ወጥመድ አለች። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ከቀረ ኮማ ብላችሁ የተጫናችሁት ነጠላ ሰረዝ «፣» ይሆናል፣ ኮለን ያላችሁት ደግሞ ሁለት ነጥብ «፡» ይሆናል። ለዓይን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ጄሰን ግን ሁለቱንም አያውቃቸውም። ከዎርድ ኮፒ የተደረገ የተጠማዘዘ ጥቅስም እንዲሁ ነው። መስመሩ ደህና መስሎ ቀይ ከሆነባችሁ ምልክቶቹን አጥፍታችሁ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንደገና ጻፏቸው።

ትሩና ፎልስ በጥቅስ ውስጥ አይገቡም፤ በጥቅስ ከገቡ ተራ ጽሑፍ ይሆናሉ። አንድ ስም ሁለት ጊዜ ከተጻፈ የሚሰማው የታችኛው ነው፤ ፋይሉ ሲረዝም ይህ ሳይታወቅ ይደርሳል።

ዊንዶውስ ላይ የፋይል አድራሻ መጻፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ወደ ኋላ የሚያጋድለው ስላሽ «\» በጄሰን ውስጥ ልዩ ትርጉም ያለው ምልክት ነው። ሲ ድራይቭ ውስጥ ቱልስ፣ በእሱ ውስጥ ኒው የሚባል፣ ሁለቱም በትንሹ ሆሄ የሚጀምሩ ፎልደሮች አሉ እንበል። በአንድ አንድ ስላሽ ስትጽፉት የቱልስ የመጀመሪያ ሆሄ ከስላሹ ጋር ተጣምሮ ታብ ይሆናል፣ የኒው የመጀመሪያ ሆሄ ደግሞ አዲስ መስመር። ቀይ አይሰመርም፣ ምክንያቱም ሁለቱም በጄሰን የተፈቀዱ ናቸው። ኤክስቴንሽኑ ግን «ፋይሉ የለም» ይላችኋል፣ እናንተም ፎልደሩን ከፍታችሁ ፋይሉን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ዩዘርስ የሚለው ፎልደር ሲሆን ይሻላል፤ በትልቁ ዩ የሚጀምር ጥምረት ስለሌለ ወዲያው ቀይ ይሆናል። መፍትሔው እያንዳንዱን ስላሽ እጥፍ «\\» ማድረግ ወይም ወደ ፊት የሚያጋድለውን «/» መጠቀም ነው።

የሚጋሩትና የማይጋሩት

በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ የግል ምርጫ አይገባም፦ የቀለም ገጽታ፣ የፎንት መጠን፣ በእናንተ ማሽን ላይ ብቻ ያለ አድራሻ። የይለፍ ቃልና የኤፒአይ ቁልፍ ደግሞ ፈጽሞ አይጻፍም፤ አንዴ ጊት ውስጥ ከገባ በኋላ መስመሩን ማጥፋት ከታሪኩ አያጠፋውም፣ ቁልፉን ራሱ መቀየር ይጠይቃል። የሚያስፈልጉትን ኤክስቴንሽኖች ለቡድኑ ለመጠቆም በዚያው ፎልደር ኤክስቴንሽንስ.ጄሰን የሚል ፋይል ፍጠሩና ሬኮመንዴሽንስ በሚለው ዝርዝር መለያዎቹን ጻፉ። ፕሮጀክቱን የሚከፍት ሰው «እነዚህን ልጫን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ሳይጠየቅ የሚጫን ነገር የለም።

አድራሻን ከማሽን ነፃ ለማድረግ የዶላር ምልክትና በጥምዝ ቅንፍ ወርክስፔስፎልደር ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ይህ ግን በሁሉም ሴቲንግ ላይ አይሠራም። ቃሉን ወደ እውነተኛ አድራሻ የሚተረጉመው ብዙ ጊዜ ኤክስቴንሽኑ ራሱ ስለሆነ፣ ያልተዘጋጀበት ኤክስቴንሽን ዶላሩን እንዳለ አንብቦ «የለም» ይላል። የፓይተን.ዲፎልትኢንተርፕሪተርፓዝም ጠባይ አለው፦ የሚነበበው ለፕሮጀክቱ ኢንተርፕሪተር (የፓይተን ኮዱን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ገና ካልተመረጠ ነው። አንዴ ከመረጣችሁ በኋላ መስመሩን ብትቀይሩ ለውጥ የለም፤ «ክሊር ወርክስፔስ ኢንተርፕሪተር ሴቲንግ» የሚለውን ትእዛዝ አስቀድሙ።

ከሌላ ሰው የወረደ ፎልደር ስትከፍቱ «ታምኑታላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ችላ ብላችሁ ካለፋችሁ ኤዲተሩ በተገደበ ሁኔታ ይከፍተዋል። ይህ ከ2021 ጀምሮ ያለ ጥበቃ ነው። በዚያ ሁኔታ አንዳንድ ኤክስቴንሽኖች አይነሱም፤ ፕሮግራም የሚያስነሱ የፕሮጀክት ሴቲንጎችም አይሰሙም። በአማርኛ የተጻፉ ማስታወሻዎች ፊደል በፊደል ሳጥን ውስጥ ገብተው ካያችሁም ምልክቱ ይኸው ነው። ያልታመነ ፎልደር ውስጥ ኤዲተሩ ከእንግሊዝኛ ውጪ ያለን ሆሄ ሁሉ ያጎላል። ፎልደሩን ማመን ወይም ኤዲተር.ዩኒኮድሃይላይት.ኖንቤዚክአስኪን ፎልስ ማድረግ ይፈታዋል።

ዳታ በጥቅል እየገዛ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ኤክስቴንሽንስ.አውቶአፕዴትንና ኤክስቴንሽንስ.አውቶቼክአፕዴትስን ፎልስ ማድረግ፣ አፕዴት.ሞድን «ማንዋል» ማለት ይጠቅማል። ኤክስቴንሽን በቪኤስአይኤክስ (የኤክስቴንሽን ጥቅል) ፋይል ከፍላሽ ላይም ይጫናል።

መልሱን ማን እንደሰጠ ለማወቅ

የሴቲንግስ ገጹን ክፈቱና ሴቲንጉን ፈልጉ። ሌላ ፋይልም ስለ እሱ ከተናገረ ከስሙ አጠገብ «እዚህም ተለውጧል» የሚል ምልክት ከነቦታው ይታያል፤ ስትጫኑት ወደዚያው ይወስዳችኋል። በፍለጋው ሳጥን የአት ምልክትና ሞዲፋይድ ብትጽፉ የነካችኋቸው ሁሉ ይዘረዘራሉ። ከዚያ አውትፑት የሚባለውን ክፍል ከፍታችሁ ከቀኝ በኩል የኤክስቴንሽኑን ስም ምረጡ፤ የትኛውን የማስተካከያ ፋይል እንዳነበበ ብዙዎቹ እዚያ ይጽፋሉ። አንዳንድ ሴቲንግ መስኮቱ እንደገና እስኪነሳ ድረስ አይነበብም፣ ስለዚህ «ሪሎድ ዊንዶው» ሳትሉ ተስፋ አትቁረጡ።

ጥፋቱ የየትኛው ኤክስቴንሽን እንደሆነ ካልታወቀ «ስታርት ኤክስቴንሽን ባይሴክት» የሚል ትእዛዝ አለ። ግማሹን ያጠፋና «ችግሩ አለ ወይስ ጠፋ?» ይላችኋል፣ ከዚያ የቀረውን ግማሽ እንዲሁ። 32 ኤክስቴንሽን ቢኖራችሁ በአምስት ዙር ገደማ አንዱ ላይ ይደርሳል። የሚያገኘው ግን ኤክስቴንሽኑን እንጂ ሴቲንጉን አይደለም፤ ሴቲንጉን ለማግኘት በፋይሉ ላይ ያንኑ ስልት በእጅ አድርጉ፦ ግማሹን መስመር ምረጡ፣ በኮንትሮልና በስላሽ ወደ ማስታወሻ ቀይሩት፣ ሞክሩ።

ኤክስቴንሽን ስታራግፉ መስመሮቹ ፋይሉ ውስጥ ደብዝዘው ይቀራሉ። ጉዳት የላቸውም። ሴቲንግስ ሲንክን (ሴቲንግን በኮምፒውተሮች መካከል የሚያመሳስለውን) ከፍታችሁ በሁለት ኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ግን ከማጥፋታችሁ በፊት ያ ኤክስቴንሽን በሌላኛው ላይ እንደሌለ አረጋግጡ፤ እዚህ የጠፋው መስመር እዚያም ይጠፋል።